ከ48,000 ዓይን ወደ 5,000 ችግኝ፦ በሕንድ የሸንኮራ አገዳ አተካከል ለውጥ ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ሕንድ ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ የሸንኮራ አገዳ አምራች አገር ናት። አምስት ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሆነው የአገዳ መሬቷ ግን እንደ ብራዚል በሰፋፊ እርሻዎች የተያዘ ሳይሆን፣ በአብዛኛው በትናንሽ ማሳዎች ላይ በሚሠሩ ገበሬዎች እጅ ያለ ነው። ከእነዚህ ማሳዎች ይገኝ የነበረው አገራዊ አማካይ ምርት በሄክታር 70 ቶን አካባቢ ሲሆን፣ በ1990ዎቹም ሆነ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚህ መጠን ብዙም ፈቅ ሳይል ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት ገበሬው ለማዳበሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ጨምሯል፤ የከርሰ ምድር ውኃም ከዓመት ወደ ዓመት ይበልጥ ከጥልቅ መሳብ ነበረበት። ምርቱ ግን ወጪውን ተከትሎ አላደገም።

ይህ ጥናት የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዚያው አገር የቀረበውንና ቀስ በቀስ የተስፋፋውን አንድ መፍትሔ ነው። መፍትሔው አገዳን በባለ ሦስት ዓይን (እምቡጥ) ቁራጭ መሬት ውስጥ መቅበርን ትቶ፣ ከአንድ ዓይን የበቀለን ችግኝ በችግኝ ጣቢያ አሳድጎ፣ በሰፊ ርቀት ወደ ማሳ ማዛወር ነው። ዘዴው ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ሰፊው ርቀት ነው፤ በሩቅ ሆኖ ማሳውን ለሚያይ ሰውም ጎልቶ የሚታየው እርሱ ነውና ይህ አያስደንቅም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ሌላ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁን ሥራ የሠራው ርቀቱ ሳይሆን የችግኝ ጣቢያው ነው፤ አገዳ በሕይወቱ እጅግ ደካማ የሚሆንባቸውን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከማሳው አውጥቶ ሰው ዓይኑን ወደሚጥልበት ቦታ ያመጣው እርሱ ነውና።

የተለመደው አተካከል እና ኪሳራው

አገዳ በዘር ፍሬ አይተከልም። የሚተከለው ግንዱ ተቆራርጦ ነው። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ አንዲት እምቡጥ፣ ማለትም ‘ዓይን’፣ አለች፤ በዚያው አንጓ ዙሪያም ለሥር መውጫ የሚሆኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። የሕንድ ገበሬ በልማድ የሚጠቀመው ሦስት ዓይን ያለውን ቁራጭ ነው። ከ45 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር በሚራራቁ ፈሮች ውስጥ ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ እያጋጠመ ያስተኛል፤ አፈር ያለብሳል፤ ከዚያም ማሳውን በውኃ ያጥለቀልቃል። በዚህ አሠራር አንድ ኤከር፣ ማለትም 0.4 ሄክታር ገደማ፣ 16,000 ቁራጭ ወይም 48,000 ዓይን ይወስዳል።

ይህን ቁጥር ከምርቱ ጎን ማስቀመጥ የጉዳዩን ሥረ ነገር ያሳያል። በሄክታር 70 ቶን ማለት በኤከር 28 ቶን ገደማ ነው። ለቆረጣ የደረሰ አንድ አገዳ በአማካይ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል ብለን ብንወስድ፣ በአንድ ኤከር ላይ ወደ 28,000 አገዳ ቆሟል ማለት ነው። አንዲት ዓይን ግን በምቹ ሁኔታ ከሥሯ ብዙ ቀንበጦችን የማቆጥቆጥ ተፈጥሮ አላት። ስለዚህ 48,000 ዓይን ቀብሮ 28,000 አገዳ መቁረጥ ማለት እያንዳንዷ ዓይን ራሷን እንኳ አልተካችም ማለት ነው። ገበሬው የዘር እጥረት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ችግሩ የመጣው ካለመጠን በመዝራት ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ኪሳራው የሚጀምረው ከብቅለት ነው። በግንዱ ላይኛው ክፍል ያሉ ዓይኖች ውኃ፣ ናይትሮጅን እና ቀላል ስኳር በብዛት ስለሚያገኙ ፈጥነው ይበቅላሉ፤ በታችኛው ክፍል ያሉት ያረጁ ዓይኖች ግን ይዘገያሉ፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ አይነቁም። በአንዱ ባለ ሦስት ዓይን ቁራጭ ላይ እንኳ ወደ ጫፍ ያለችው ዓይን ቀድማ ስትነቃ የቀሩትን እህቶቿን የመጫን ባሕርይ አላት። አፈሩ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ በተለይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ፣ ብቅለቱ እጅግ ይዳከማል። ማሳው በውኃ ሲጥለቀለቅ ደግሞ አየር ያጣው ቁራጭ ከተቆረጠው ጫፉ በሚገባ ሻጋታ ይበሰብሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአፈር በታች በመሆኑ፣ ገበሬው የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ በፈሩ ላይ ባዶ ቦታ ሲያይ ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት የሚፈጠረው ማሳ ያልተስተካከለ ነው። በአንዱ ቦታ ሁለትና ሦስት ሜትር ያህል ምንም ሳይበቅል ይቀራል፤ በሌላው ደግሞ አሥር ቡቃያ በአንድ ክንድ ቦታ ላይ ይጨናነቃል። በተጨናነቀው ቦታ ቀንበጦቹ እርስ በርሳቸው ብርሃን ይከላከላሉ። አገዳ በተተከለ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ገደማ የቀንበጦቹ ቁጥር ጣሪያ ይደርስና ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከወጡት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በጥላ ታፍነው መሞታቸውም የተለመደ ነው። የሞተው ቀንበጥ እስኪሞት ድረስ ውኃውንም ማዳበሪያውንም ተካፍሏል። ባዶው ቦታ ደግሞ ለአረም የተተወ መሬት ነው። ገበሬው ይህን ስጋት ለመቋቋም ያለው መንገድ በሚቀጥለው ዓመት ዘር መጨመር ብቻ ነበር፤ የዘሩ መጨመር ደግሞ መጨናነቁን እንጂ ባዶ ቦታውን አያስተካክለውም።

የዘሩ ዋጋም ራሱን የቻለ ሸክም ነው። አንድ ሄክታር ለመትከል ከ6 እስከ 8 ቶን አገዳ ያስፈልጋል። አማካዩ ምርት 70 ቶን ከሆነ፣ ከአንዱ ሄክታር ምርት አንድ አሥረኛ ያህሉ ወደ ፋብሪካ ከመሄድ ይልቅ ተመልሶ ይቀበራል ማለት ነው። ይህን ያህል ክብደት ያለው ዘር ከሩቅ ቦታ ማጓጓዝ ስለሚከብድ፣ ገበሬው ዘሩን የሚያገኘው ከራሱ ወይም ከጎረቤቱ ማሳ ነው። በዚህም ቀይ ብስባሽ የሚባለው በሽታ፣ እንዲሁም ከቆረጣ በኋላ ከጉቶው ዳግም የሚበቅለውን አገዳ የሚያቀጭጨው በዓይን የማይለይ የባክቴሪያ በሽታ፣ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋሉ።

ሐሳቡ ከየት መጣ

በአንድ ዓይን የመትከል ሐሳብ በ2009 የተወለደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1952 በሰሜን ሕንድ በላክናው ከተማ የተቋቋመው የሕንድ የሸንኮራ አገዳ ምርምር ተቋም፣ ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ባለ አንድ ዓይን ቁራጮችን በአነስተኛ መደብ ላይ አፍልቶ ወደ ማሳ የማዛወርን ዘዴ አዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ዘዴ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ዘር ወደ 2 ቶን ይወርዳል። ይኸው ተቋም አገዳን በክብ ጉድጓዶች ውስጥ የመትከልንም ዘዴ ያውቃል፤ ያ ዘዴ ከፍተኛ ምርት ቢሰጥም በአንድ ሄክታር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶችን ስለሚጠይቅ ጉልበት ያለው ሰው ብቻ የሚችለው ነበር። ይህን ማንሣት ተገቢ ነው፤ አዲስ ነገር ሲስፋፋ ከእርሱ በፊት በጸጥታ የተሠራው ሥራ ይረሳልና።

በ2009 የተለወጠው ነገር አቀራረቡ ነው። በሃይደራባድ አቅራቢያ የሚገኘው የደረቅ ምድር ሰብሎች ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም (ኢክሪሳት) እና የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅቱ ደብሊው ደብሊው ኤፍ በጋራ ይመሩት የነበረ ፕሮጀክት፣ የተበታተኑትን አሠራሮች አንድ ላይ አሰባስቦ ‘ዘላቂ የሸንኮራ አገዳ ተነሣሽነት’ ተብሎ ሊተረጎም በሚችል ስም ለገበሬዎች አቀረበ። የፕሮጀክቱ መሪ ዶ/ር ቢክሻም ጉጃ ነበሩ። የአንድ ተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በአገዳ አተካከል ላይ ምን አገባው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ምክንያቱ ውኃ ነው። አገዳ በአንድ የእድገት ዘመኑ ከ1,500 እስከ 2,500 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል፤ ወንዝና የከርሰ ምድር ውኃ እየተመናመነ በሚሄድበት አገር የአገዳውን ውኃ ሳይነኩ ወንዙን መታደግ አይቻልም። ገበሬው ግን ውኃ ቆጥብ በሚል ምክር ብቻ አሠራሩን አይለውጥም፤ ምርቱ የሚጨምርበት መንገድ አብሮ መቅረብ ነበረበት።

የሐሳቡ ሌላ ምንጭ ሩዝ ነው። በማዳጋስካር ይኖሩ የነበሩት ኢየሱሳዊው ካህን አባ አንሪ ደ ሎላኒዬ በ1980ዎቹ፣ የሩዝ ችግኝን ገና በጨቅላነቱ አንድ በአንድ፣ በሰፊ ርቀት አዛውሮ መትከልና ማሳውን ከማጥለቅለቅ ይልቅ እርጥብ አድርጎ ማቆየት ተክሉ ብዙ ቀንበጥ እንዲያወጣ እንደሚያደርግ አሳይተው ነበር። ሩዝም አገዳም የሣር ወገን ናቸው፤ ሁለቱም ከሥራቸው ያቆጠቁጣሉ። ለሩዝ የሠራው ለአገዳ ሊሠራ ይችላል የሚለው ግምት የተነሣው ከዚህ ነው። የፕሮጀክቱ ግብ በግልጽ የተቀመጠ ነበር፦ ምርትን ቢያንስ በ20 በመቶ መጨመር፣ ውኃን በ30 በመቶ እና ኬሚካላዊ ግብዓቶችን በ25 በመቶ መቀነስ።

በችግኝ ጣቢያው ውስጥ

አሠራሩ የሚጀምረው ከ7 እስከ 9 ወር ዕድሜ ያለውን ጤናማ አገዳ በመምረጥ ነው። ከአንጓው ላይ ዓይኗን ከጥቂት ሥጋ ጋር ቆርጦ በሚያወጣ በእጅ የሚሠራ መሣሪያ ዓይኖቹ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ለአንድ ኤከር 5,000 ዓይን ይበቃል፤ ይህም ከ450 እስከ 500 ከሚደርሱ አገዳዎች የሚገኝ ሲሆን፣ የተለቀሙት ዓይኖች ክብደት ከአንድ ኩንታል አይበልጥም። በተለመደው አሠራር ለዚያው ኤከር ከ24 እስከ 32 ኩንታል ይቀበር እንደነበር ልብ ይሏል። ዓይኑ የተነሣለት የቀረው አገዳ ደግሞ አይጣልም፤ ለጭማቂ ወይም ለጥሬ ስኳር ይውላል።

ይህ ቁጠባ ግን ዋጋ አለው፤ የችግኝ ጣቢያው አስፈላጊነትም ከዚህ ይመነጫል። ባለ ሦስት ዓይን ቁራጭ በውስጡ ስንቅ ይዟል። መጀመሪያ ከአንጓው የሚወጡት ጊዜያዊ ሥሮች ውኃ ይስባሉ፤ የግንዱ ስኳር ደግሞ ቡቃያውን ይመግባል፤ ይህም ቡቃያው የራሱን ቋሚ ሥሮች እስኪያወጣ ድረስ ይቀጥላል። ከግንዱ ተነጥላ የወጣች ዓይን ግን ስንቋ እጅግ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለችውን ዓይን በቀጥታ ወደ ማሳ ቢወስዷት፣ አንድ ሳምንት ደረቅ ፀሐይ ወይም አንድ ቀን የሚተኛ ውኃ ይገድላታል። ቀደም ባሉት ዘመናት በአንዲት ዓይን የመትከል ሙከራዎችን ያሰናከለው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ስለዚህ ዓይኗ ስንቋ ሳያልቅ ሥር እንድትይዝ እርጥበትና ሙቀት በተመጠነበት ቦታ መቆየት አለባት።

የተለቀሙት ዓይኖች በቅድሚያ በሻጋታ መከላከያ ውስጥ ይነከራሉ። የእቃው ማነስ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ይሰጣል፤ ሦስት ቶን አገዳ ነክሮ ማከም ለገበሬ የማይቻል ሲሆን፣ አንድ ኩንታል ዓይን ግን በጥቂት ባልዲ ይታከማል። ከዚያም ዓይኖቹ 50 ጉድጓድ ባላቸው የፕላስቲክ ትሪዎች ውስጥ፣ በኮኮናት ቅርፊት ብናኝ ላይ፣ ዓይናቸው ወደ ላይ እንዲያይ ሆነው ይቀመጣሉ። ለአንድ ኤከር 100 ትሪ ያስፈልጋል። ትሪዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው በፕላስቲክ ሽፋን በደንብ ይጠቀለላሉ፤ በውስጡ በሚፈጠረው ሙቀትና ወበቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጫጭ ሥሮች ብቅ ይላሉ፤ ቡቃያውም ይከተላል። በዚህ ጊዜ መጠቅለያው ተፈትቶ ትሪዎቹ በጥላ መረብ ሥር ይዘረጋሉ፤ መፍቻው ከዘገየ ቡቃያው ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይመዘዛል፤ አንዳንዱም ይበሰብሳል።

ከሁሉ በላይ ሊተኮርበት የሚገባው ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ችግኞቹ በቁመታቸው ይለያሉ፤ እኩያ ከእኩያው ጋር በአንድ ትሪ ይደረጋል። ይህ ሥራ በማየት ቀላል ቢመስልም፣ በማሳ ውስጥ ፈጽሞ ሊደረግ የማይችል ነገር ነው። ያልነቃች ዓይን በትሪው ላይ ትታያለች፤ ትጣላለች፤ ቦታዋም በሌላ ይተካል። የዘገየው ችግኝ ከዘገዩት ጋር ሆኖ ተጨማሪ ቀናት ይሰጠዋል። በተለመደው አተካከል በአፈር ውስጥ ተሰውሮ የነበረው ኪሳራ ሁሉ እዚህ በጥላው ሥር፣ ለማስተካከል በሚቻልበት ጊዜ፣ ይገለጣል። ችግኙ ከ25 እስከ 35 ቀን ሲሞላው ወደ ማሳ ሲዛወር፣ ገበሬው የሚተክለው ዓይን ሳይሆን መብቀሉ የተረጋገጠ ተክል ነው።

በማሳው ላይ

ችግኞቹ በፈር መካከል 5 ጫማ (1.5 ሜትር ገደማ)፣ በተክል መካከል 2 ጫማ (0.6 ሜትር ገደማ) ርቀት ጠብቀው ይተከላሉ። ስሌቱን ማየት ይጠቅማል። አንድ ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተክል 10 ካሬ ጫማ ሲደርሰው 4,356 ቦታ ይገኛል። ከተፈለፈሉት 5,000 ችግኞች የሚተርፉት ስድስት መቶ ገደማ የሚሆኑት ለመጠባበቂያ ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደረቀው ሁሉ በእነርሱ ይተካል።

ችግኙ ሥር ይዞ አንድ ሁለት የጎን ቀንበጥ ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው እናት ቡቃያ ከመሬት አንድ ኢንች ያህል ከፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ያደገውን ቡቃያ በገዛ እጅ መቁረጥ ለገበሬ የሚከብድ ነገር ነው፤ ግን ምክንያት አለው። እናት ቡቃያው በሕይወት እያለ የጎን ቀንበጦችን ይጫናል፤ ሲቆረጥ ግን ጉልበቱ ለጎን ቀንበጦቹ ይከፋፈልና በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ዕድሜ ይነሣሉ። በአንድ ጊዜ የተነሡ ቀንበጦች በአንድ ጊዜ ይበስላሉ፤ ይህ ደግሞ ለፋብሪካው የስኳር መጠን ትልቅ ትርጉም አለው፤ ዘግይቶ የወጣ ቀንበጥ በቆረጣ ቀን ውኃ እንጂ ስኳር አይዝም። በመርሐ ግብሩ ስሌት አንድ ተክል ለቆረጣ የሚደርሱ ከ9 እስከ 10 አገዳዎችን ያወጣል፤ በተለመደው አተካከል ግን ከ4 እስከ 5 ብቻ ነው። 5,000 ችግኝ ዘጠኝ ዘጠኝ አገዳ ቢሰጥ 45,000 አገዳ ይሆናል፤ በ4,356ቱ ቦታ ብቻ ብናሰላው እንኳ ከ39,000 በላይ ነው። ይህ እንግዲህ ሁሉም ነገር በተስተካከለበት ማሳ የሚደረስበት ጣሪያ እንጂ በየማሳው የሚጠበቅ ውጤት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ውኃው በማጥለቅለቅ ሳይሆን በፈሩ ውስጥ እርጥበት በመጠበቅ ይሰጣል፤ አቅም ያለው ገበሬ የጠብታ መስኖ ይዘረጋል፤ ሰፊው ርቀትም የቧንቧውን ርዝመት ስለሚቀንስ ለዚህ ያመቻል። አፈር ማስታቀፍ እና የደረቁ የታች ቅጠሎችን ማራገፍ እንደ ዱሮው ናቸው። አንድ አገዳ 30 እና ከዚያ በላይ ቅጠል ቢያወጣም ለምግብ ዝግጅቱ የላይኞቹ ከ8 እስከ 10 የሚሆኑት ይበቁታል፤ የተራገፈው ቅጠል በፈሮቹ መካከል ሲነጠፍ እርጥበት ይይዛል፤ አረምም ያፍናል። አገዳው እስኪሸፍነው ድረስ ለሦስት ወራት ያህል ክፍት በሚቆየው ሰፊ መሬት ላይ ሽምብራ፣ አተር መሰል ጥራጥሬ ወይም አትክልት ተሰባጥሮ ይዘራል። አገዳ ገንዘብ የሚያመጣው ከዓመት በኋላ ነውና፣ በመካከሉ የሚሸጥ ነገር ማግኘት ለአነስተኛ ገበሬ ከምርት ጭማሪው የማይተናነስ ጥቅም ነው።

ውጤቱን እንዴት እንመዝነው

ዘዴው ከወጣ በኋላ በአንድራ ፕራዴሽ፣ በታሚል ናዱ፣ በማሃራሽትራ፣ በካርናታካ እና በኡታር ፕራዴሽ ግዛቶች ወደ ገበሬው ማሳ ገብቷል። የታሚል ናዱ መንግሥት ድጎማ መድቦ አስፋፍቶታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥርጥር የማይገባበት አንድ ውጤት ቢኖር የዘር ቁጠባው ነው። የሚቀበረው ዘር ክብደት በአብዛኛው ከ80 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ይህ ደግሞ ለአዳዲስ ዝርያዎች መስፋፋት በር ከፍቷል፤ ከአንድ የምርምር ጣቢያ የወጣ ጥቂት አዲስ ዘር በባለ ሦስት ዓይን ቁራጭ ለብዙ ገበሬ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበት የነበረ ሲሆን፣ በችግኝ ግን በብዙ እጥፍ ፍጥነት ይባዛል።

የምርት ጭማሪውን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኡታር ፕራዴሽ ግዛት አማካይ የአገዳ ምርት በ2010ዎቹ መጀመሪያ በሄክታር 60 ቶን አካባቢ የነበረ ሲሆን፣ አሥርቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል ወደ 80 ቶን ተጠግቷል። ይህን ጭማሪ ሁሉ ለአተካከሉ መስጠት ስሕተት ነው። በእነዚያው ዓመታት በደቡብ ሕንድ በኮይምባቶር ከተማ የተመሠረተው የአገዳ ማዳቀያ ተቋም ያወጣው፣ በ2009 የተለቀቀውና በዶ/ር ባክሺ ራም የተዳቀለው ኮ 0238 የተባለ ዝርያ የግዛቲቱን አብዛኛውን የአገዳ መሬት ሸፍኖ ነበር። በአንድ ማሳ ላይ ዝርያው፣ ርቀቱ፣ ችግኙ እና መስኖው በአንድ ጊዜ ሲለወጡ፣ የትኛው ምን ያህል እንደጨመረ ከአማካይ ቁጥር ማወቅ አይቻልም። ዘዴውን የሚያስተዋውቁ ሰዎች ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አለመግለጻቸው ለዘዴው ራሱ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ገበሬ የተነገረውን ያህል ሳያገኝ ሲቀር የሚጠቅመውንም ክፍል አብሮ ይጥላልና።

ስለ ርቀቱም እንዲሁ ነው። አገዳ ራሱን የሚያካክስ ተክል ነው፤ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ በተክል ብዙና ወፋፍራም አገዳ ያወጣል፤ ጠባብ ሲሆንበት ያነሱና የቀጠኑ ያወጣል። በዚህም ምክንያት ማሳው ሙሉና እኩል እስከሆነ ድረስ፣ በፈር መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር ወደ አንድ ሜትር ተኩል ቢሰፋ በጠቅላላ ምርቱ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከሚገመተው ያነሰ ነው። ምርቱን የሚጎዳው ባዶ ቦታና መጨናነቅ በአንድ ማሳ ውስጥ አብረው ሲገኙ ነው። ችግኝ መትከል ያስወገደው ይህን ነው። ርቀቱ ደግሞ በበኩሉ አየርና ብርሃን አስገብቷል፤ ለተሰባጣሪ ሰብል ቦታ ሰጥቷል፤ ለቆረጣ ማሽንም መንገድ ከፍቷል። በተፈጥሮአቸው ጥቂት ብቻ የሚያቆጠቁጡ ዝርያዎች ግን በ5 ጫማ ርቀት መሬቱን ሳይሞሉት ስለሚቀሩ፣ ለእነርሱ ርቀቱን ማጥበብ ግድ ይሆናል።

የተሰናከለባቸው ቦታዎች

ዘዴው ወደ ገበሬው ሲደርስ የገጠመው የመጀመሪያ እንቅፋት ችግኙን የሚያፈላው ሰው ጉዳይ ነው። ትሪ፣ የጥላ መረብ፣ የኮኮናት ብናኝና ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ውኃ የሚያጠጣ እጅ ያስፈልጋል። አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው ገበሬ ይህን ሁሉ ለራሱ ብቻ ማሟላት አያዋጣውም። ስለዚህ ዘዴው በጥሩ ሁኔታ የሄደው ችግኝ ማፍላት ራሱን የቻለ ሥራ በሆነበት ቦታ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ በስኳር ፋብሪካዎች፣ በሌላው በግል ችግኝ አፍዪዎች። ከ2020 ወዲህ የኡታር ፕራዴሽ የአገዳ መሥሪያ ቤት በገጠር ሴቶች የራስ አገዝ ቡድኖች አማካይነት ባለ አንድ ዓይን ችግኝ እንዲፈላ ማድረጉ ከዚህ ሁሉ የተሻለ ውሳኔ ይመስለኛል። መሬት በስማቸው የሌላቸው ሴቶች በጥቂት ካሬ ሜትር ጥላ ሥር ገቢ አገኙ፤ ገበሬውም ሥር የያዘ ችግኝ በአቅራቢያው አገኘ። ይህ ግዛት ባለበት በሰሜን ሕንድ ስንዴ ከታጨደ በኋላ በሚያዝያ ወር የሚተከል አገዳ ዘግይቶ በመትከሉ ምርቱ ዝቅ ይል ነበር፤ ስንዴው በማሳ ላይ እያለ ችግኙ በትሪ ማደጉ ግን የጠፋውን አንድ ወር መልሶለታል።

ሁለተኛው እንቅፋት የመጀመሪያው ሳምንት ውኃ ነው። የተዛወረ ችግኝ ሥሩ ጥልቅ አይደለም። መስኖው በተራ በሚደርስበት አካባቢ፣ ተራው ሁለት ሳምንት ከዘገየ ማሳው ሙሉ በሙሉ ሊደርቅ ይችላል፤ ቁራጭ የቀበረ ገበሬ ግን በግንዱ ስንቅ ይህን ጊዜ ሊሻገር ይችል ነበር። ውኃው በእጁ ለሌለ ገበሬ ዘዴውን ከመምከር በፊት ይህን በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። ክፍት የሆነው ሰፊ መሬት አረም እንደሚያፈላም እንዲሁ፤ ተሰባጣሪ ሰብል ካልተዘራበት ወይም ገለባ ካልተነጠፈበት፣ በዘር የተቆጠበው ገንዘብ በአረም ጉልበት ይወጣል።

ከሁሉም ከባዱ የበሽታ ጉዳይ ነው። ችግኝ ጣቢያ ጤናማ ዘርን እንደሚያባዛ ሁሉ የታመመንም ያባዛል። የኡታር ፕራዴሽ አብዛኛው መሬት በአንዱ በኮ 0238 ዝርያ ተሸፍኖ እያለ ቀይ ብስባሽ ተነሣበትና ዝርያው በሰፊው ተጎዳ። በሽታው በዘር ቁራጭ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ዓይን የሚለቀምበት ማሳ አስቀድሞ ካልተመረመረ አንድ ጣቢያ በአንድ ወር ውስጥ ለመቶ ገበሬ በሽታ ሊያድል ይችላል። አገዳውን ለሁለት ክፍል መሰንጠቅና ውስጡ ቀላና ነጭ ነጠብጣብ እንዳለው ማየት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ዳግም በቀሉን ለሚያቀጭጨው የባክቴሪያ በሽታ ደግሞ ዘሩን በ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውኃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ማቆየት የታወቀ ሕክምና ነው፤ ይህ በችግኝ ጣቢያው ሳይሆን የእናት ዘር በሚመረትበት ማሳ ላይ መደረግ ያለበት ነው።

አገዳ አንድ ጊዜ ተተክሎ ከጉቶው እያቆጠቆጠ ለተከታታይ ዓመታት የሚቆረጥ ሰብል በመሆኑ፣ የአተካከሉ ትክክለኛ ሚዛን የሚታየው በመጀመሪያው ቆረጣ ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። በተለመደው ማሳ ዳግም በቀሉ የመጀመሪያውን ዓመት ባዶ ቦታ ይወርስና የራሱን ይጨምርበታል፤ ገበሬውም ማሳውን ቀድሞ ለመገልበጥ ይገደዳል። በችግኝ የተተከለው ማሳ ግን ሙሉ ሆኖ ይጀምራል፤ ከቆረጣው በኋላ የሞተ ጉቶ ሲገኝም በሌላ የትሪ ችግኝ ሊተካ ይችላል። በአንዳንድ አካባቢ ገበሬዎች ለአዲስ ተከላ ችግኝ መግዛት ሳይችሉ ቀርተው፣ ለዳግም በቀላቸው ባዶ ቦታ መሙያ ብቻ ጥቂት ትሪ መግዛት ጀምረዋል፤ ሙሉውን ዘዴ ያልተቀበለ ገበሬ እንኳ ከእርሱ ውስጥ በመጀመሪያ የወሰደው ይህንኑ ነው።